ሸራ ከካምቢዮ አይረክስም

«አውቶማቲክ መኪና ዲ ላይ ይገባል፤ እስኪደርስ ድረስ አይነካም።» ይህን የማይል የአውቶማቲክ ባለቤት ማግኘት እየከበደ ነው። ሻጩ ለገዢው፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ፣ አንዳንዱ መካኒክም ለደንበኛው የሚሰጠው ምክር ይኸው ነው፦ ቁልቁለት ላይ ማርሽ መቀነስ ካምቢዮ ይጨርሳል፤ ፍሬን የተሠራው ለዚህ ነው፤ ፍሬንህን ያዝና ውረድ። ምክሩ ቦሌ መንገድ ላይ ማንንም አይጎዳም። ከጋሸና ወደ ወልድያ፣ ከወገል ጤና ወደ በሽሎ፣ ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ግን ሰው የሚገድል ምክር ነው። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ አውቶማቲክ መኪናም እንደ ማንዋሉ በከባድ ማርሽ መውረድ አለበት፤ ዲ ላይ ትቶ ፍሬን ረግጦ መውረድ የአነዳድ ጥፋት ነው።

በመጀመሪያ የእነዚያን ወገን ሙግት ሳላጣምም ላስቀምጠው። ዋናው ነጥባቸው የኪስ ጉዳይ ነው፦ ሸራ ከካምቢዮ ይረክሳል። የፍሬን ሸራ በየከተማው ይገኛል፤ ሠፈር ውስጥ ያለ ጋራዥ በአንድ ጠዋት ይቀይረዋል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ላሊበላ ወይም ወገል ጤና ላይ ቢበላሽ ፈትቶ የሚገጥም ባለሙያ ከየት ይመጣል? መኪናው ተጭኖ ደሴ ወይም አዲስ አበባ መውረድ ሊኖርበት ነው፤ ወጪው የቤተሰብን የዓመት በጀት ያናጋል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ሲጮህ ነዳጅ ይበላል ይላሉ። ሦስተኛ፣ የዛሬ መኪና ኮምፒውተር አለው፤ የሚሻለውን ማርሽ ራሱ ይመርጣል፤ ሰው ምን ያገባዋል? አራተኛው ደግሞ የልምድ ማስረጃ ነው፦ «ይህን ሁሉ ዓመት በዲ ወጥቼ በዲ ወርጃለሁ፤ ምን ሆንኩ?» እነዚህን የሚናገሩ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። በስንት ልፋት የገዙትን ንብረት ለማትረፍ የሚጨነቁ ናቸው። ጭንቀታቸው ልክ ነው፤ ድምዳሜያቸው ግን ከሥሩ የተሳሳተ ነው።

ከሙቀቱ እንጀምር፤ ነገሩ ሁሉ የሙቀት ነገር ነውና። መኪና ፍጥነቱን ሳይጨምር ቁልቁለት ሊወርድ የሚችለው ከፍታው የሰጠውን ጉልበት አንድ ቦታ ላይ ካቃጠለ ብቻ ነው። ከነሰውና ከነጓዙ 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ከፍታ በወረደ ቁጥር የሚለቀው ጉልበት ከ4 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ጋሸና 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወልድያ 2,000 ገደማ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውስ የት ይሂድ? መንገዱ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ የፍሬኑ ዲስክ፣ ታምቡርና ሸራ ነው፤ ሁለተኛው ሞተሩ ነው። ሞተሩ ራዲያተር አለው፣ ውሃ አለው፣ ማራገቢያ አለው፤ ቀኑን ሙሉ ሙቀት እንዲያስወግድ የተሠራ ነው። ዲስኩ ያለው ነፋስ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን በላስታና በደላንታ ከፍታ ቀጭን ነው፦ 3,000 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ስስ አየር ደግሞ የጋለ ብረት ለማቀዝቀዝ ደካማ ነው።

እንግዲህ የመውረጃ ቁልቁለቱን ሙቀት በሙሉ ለአራት ቁራጭ ብረት አሸክሞ፣ ራዲያተር ያለውን ሞተር ሥራ ፈት አድርጎ ማስቀመጥ በምን ሒሳብ ቁጠባ ይባላል?

ፍሬን ሲግል የሚሆነውን ደረጃ በደረጃ እንየው። በመጀመሪያ ሽታ ይመጣል፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታ። ቀጥሎ ፔዳሉ እንደ ወትሮው እየተረገጠ መኪናው እንደ ወትሮው አይይዝም፤ ሸራው ከመጠን በላይ ሲሞቅ የመቆንጠጥ ኃይሉን ያጣልና። ሾፌሩ የበለጠ ይረግጣል፤ ሙቀቱም የበለጠ ይጨምራል። በመጨረሻ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሻገራል። ዶት 3 የሚባለው የተለመደው የፍሬን ዘይት አዲስ ሆኖ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል። ነገር ግን ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ለዓመታት ሳይቀየር የቆየ ዘይት 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል። ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ ጎማው ጋ የሚደርስ ግፊት የለም። ከታች መታጠፊያ አለ፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ገደል።

በእኛ አገር ይህ ሲደርስ «ፍሬን በጠሰ» ይባላል። የተበጠሰ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የለም። ጎማው አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚመለከት ሰው የሚያየው ሌላ ነው፦ ሰማያዊ ቀለም ያወጣ ዲስክ፣ ፊቱ እንደ መስታወት ያንጸባረቀ ሸራ፣ ዙሪያውን የጠቆረ ቸርኬ። መኪናው በርዶ ሲመረመር ፍሬኑ ይሠራል። ስለዚህ ነገሩ ዕጣ ፈንታ ይሆናል፤ ወይም «የቴክኒክ ብልሽት» ተብሎ ይታለፋል። መንሥኤው ግን ከአደጋው በፊት ባሉት ኪሎ ሜትሮች ላይ፣ ዲ ላይ በተተወው ማርሽ ውስጥ ነበር። ለዓመታዊው ቦሎ የሚደረገው ምርመራም ከዚህ አያድንም፤ ፍሬኑ በሜዳ፣ በቀዝቃዛው እንደሚይዝ ያረጋግጣል እንጂ የድልብን ቁልቁለት ሲወርድ ምን እንደሚሆን አይናገርም። ሽታው ሲመጣ መንገድ ዳር አቁሞ የጋለው ጎማ ላይ ውሃ መድፋትም መፍትሔ አይደለም፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ኪሱ ሙግት። ሸራ ከካምቢዮ ይረክሳል? ሁለቱ ቆጣሪ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ አዎን። ነገር ግን ክርክሩ ያልተነገረ ግምት ተሸክሟል፦ ማርሽ መቀነስ ካምቢዮውን ይበላዋል የሚል። ይበላዋል? ያው መኪና ያንን ዳገት ሲወጣ በየትኛው ማርሽ ወጣ? በሁለተኛ፣ አንዳንድ ቦታም በአንደኛ። ኮምፒውተሩ ራሱ ቀንሶ፣ ሞተሩ ባለው ጉልበት ሁሉ እየገፋ፣ ካምቢዮው ያን ሁሉ ጫና ተሸክሞ ወጣ። ሲወርድ ሞተሩ በካምቢዮው ላይ የሚያሳድረው የመግታት ጫና ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ዳገቱን ሲወጣ ያልፈረሰ ካምቢዮ ከዚያ ባነሰ ሸክም፣ በዚያው ማርሽ ሲወርድ ለምን ይፈርሳል? የዲውን ምክር የሚሰጡ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲሰጡ ሰምቼ አላውቅም።

ሌላም አለ። ማርሽ መምረጫው ላይ ከዲ በታች 3፣ 2 እና ኤል የተጻፉት ለጌጥ ነው? አሮጌው ቪትዝና ኮሮላ ላይ ያሉት እነዚህ ናቸው፤ አዳዲሶቹ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት፣ ኤስ ወይም ቢ አለ። አምራቾቹ በመመሪያ መጽሐፎቻቸው ላይ ለረጅም ቁልቁለት ዝቅተኛ ማርሽ ተጠቀሙ ብለው ይጽፋሉ። እንግሊዝ አገር ቁልቁለት አፍ ላይ «ከባድ ማርሽ ያስገቡ» የሚል ምልክት ይተከላል። ካምቢዮውን የነደፈው መሐንዲስ ይቻላል፣ ይገባል ካለ፣ ያልነደፈው ጎረቤት አይቻልም ሲል የማንን እንስማ?

ካምቢዮ የሚገድሉ ነገሮች የሉም አልልም። አሉ፤ ልናውቃቸውም ይገባል። በ80 እየበረሩ ኤል ላይ መጣል ይጎዳል፤ ከዘመናዊዎቹ ብዙዎቹ ትእዛዙን ባይቀበሉም አሮጌዎቹን መፈተን ተገቢ አይደለም። ጠቁሮ፣ ተቃጥሎ የማይቀየር የካምቢዮ ዘይት ይገድላል። ከሁሉም በላይ ግን ይህን ልብ በሉ፦ ነዳጅ ለመቆጠብ ኤን ላይ አድርጎ ቁልቁለት መልቀቅ ካምቢዮውን ለአደጋ ያጋልጣል። የካምቢዮውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ በሞተሩ የሚዞር ነው። ኤን ላይ ሞተሩ በቀስታ ያዘግማል፣ ፓምፑም አብሮት ያዘግማል፤ ጎማውና የካምቢዮው የኋላ ዘንግ ግን በሙሉ ፍጥነት ይሽከረከራሉ። ብረት በቂ ዘይት ሳያገኝ ሊፈጭ ይችላል። «ካምቢዮዬን እንዳልጎዳ» ብሎ ማርሽ የማይቀንሰው ሰው ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ዜሮ የሚያደርግ ከሆነ፣ የሸሸውን ጉዳት በእጁ እየጠራው ነው።

ይህ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ይወስደናል፤ ወደ ነዳጁ። ሞተር ጮኸ ማለት ነዳጅ በላ ማለት አይደለም። በኢንጀክተር የሚሠራ ሞተር፣ ማለትም ዛሬ መንገዳችን ላይ ያለው አውቶማቲክ አብዛኛው፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳና ሞተሩ በጎማው ጉልበት ሲዞር ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል። በከባድ ማርሽ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና በዚያ ሰዓት የሚያቃጥለው ነዳጅ ዜሮ ነው። ኤን ላይ የተለቀቀው ግን እንዳይጠፋ ሞተሩን መመገብ አለበት፤ ስለዚህ ይበላል። ሞተሩን ጨርሶ አጥፍቶ የሚወርደውስ? መሪው እንደ ድንጋይ ይከብደዋል፤ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይልም ከጥቂት እርግጫ በኋላ ያልቃል። በመቶ ሜትሮች ለሚቆጠር ቁልቁለት ለሚድን ጠብታ ነዳጅ መሪና ፍሬን መስጠት ምን ዓይነት ንግድ ነው?

የሞተሩ ጩኸት ብዙ ሰው ያስፈራል፤ ይገባኛል። ነገር ግን ጩኸቱ የሥራ ድምፅ ነው። በ4 ማርሽ ካምቢዮ አንደኛው ማርሽ በእኩል ፍጥነት ሞተሩን ከአራተኛው 4 እጥፍ ገደማ ያዞረዋል። ሞተሩ አየር እየሳበና እየጨመቀ የሚታገለው በዚህ ዙር ነው፤ መኪናውን የሚይዘውም ይኸው ትግል ነው። ዙር መቁጠሪያው 3,000 ወይም 4,000 ላይ ቢቆም ከቀዩ መስመር በታች እስከሆነ ድረስ ሞተሩ ለዚህ የተሠራ ነው። ዳገቱን ሲወጣ እንዲሁ ሲጮህ ማንም አልደነገጠም።

ሦስተኛው ነጥብ ኮምፒውተሩ ነው። «መኪናው ራሱ ያውቃል።» ምን ያውቃል? የጎማውን ፍጥነት፣ የሞተሩን ዙር፣ እግር ነዳጅ ላይ ምን ያህል እንደተጫነ ያውቃል። የተለመደው አውቶማቲክ እግር ከነዳጅ ሲነሳ «ሸክም የለም» ብሎ ይተረጉማል፤ ነዳጅ ለመቆጠብም ወደ ቀላሉ ማርሽ ይወጣል። ማለትም ሾፌሩ መኪናው እንዲያዝለት በሚፈልግበት ሰዓት ኮምፒውተሩ ይለቀዋል። ቁልቁለት ለይተው ራሳቸው ማርሽ የሚቀንሱ መኪኖች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ከፊት ያለውን መታጠፊያ፣ መንገድ ላይ የተኛውን የበግ መንጋ፣ ከታች ቀስ እያለ የሚወጣውን ኤንትሬ አያዩም። የሚያየው ሾፌሩ ነው። ኤቢኤስም ጎማ እንዳይቆለፍ ይጠብቃል እንጂ የጋለ ዲስክ አያበርድም።

«ይህን ሁሉ ዓመት ወርጄ ምን ሆንኩ?» ለሚለው ደግሞ ጥያቄ አለኝ። ምን ጭነህ ወረድክ? ፍሬን ላይ ያለው ልምድ በአብዛኛው ብቻን ወይም ሁለት ሆኖ የተገኘ ነው። ለገና ወደ ላሊበላ የሚመጣው ቪትዝ ግን አምስት ሰው፣ ሻንጣና ስንቅ ይዞ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማበር 1,300 ሜትር ገደማ ላይ እስካለችው ሸዋ ሮቢት ወርዶ፣ ደሴን ወጥቶ፣ እንደገና ወርዶ፣ ጋሸናን ወጥቶ ነው የሚደርሰው። ሲመለስም ያንኑ ሁሉ ይደግመዋል። ትናንት የበቃ ፍሬን ዛሬ ላይበቃ ይችላል፤ ሸክሙ ሌላ ነው፣ የዘይቱ ዕድሜ ሌላ ነው፣ ከፊት የቀደመው ጋሪ ወይም ሲኖትራክ የሚያስገድደው አረጋገጥ ሌላ ነው። እስካሁን አለመጋጨት ወደፊት ላለመጋጨት ዋስትና ሆኖ አያውቅም።

የከባድ መኪና ሾፌሮቻችንን እዩ። የቻይና መንገድ በምንለው የወልድያ–ወረታ መንገድ ላይ ጭኖ የሚመላለስ የኤንትሬ ወይም የቅጥቅጥ ሾፌር ቁልቁለቱ አፍ ላይ ከባድ ማርሽ ሳያስይዝ አይወርድም። ረዳቱ እንኳ ይህን ያውቃል። ደንባቸው አጭር ነው፦ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ይህን ዕውቀት ያመጣው መጽሐፍ አይደለም፤ ያመጣው ገደሉ ነው። አውቶማቲክ ሲመጣ ፍሪሲዮኑ ቀረ፤ ገደሉ ግን አልቀረም። ዕውቀቱን ከፍሪሲዮኑ ጋር አብረን የጣልነው እኛ ነን።

በዚህ አገር ቁልቁለት ከመኪና ይቀድማል። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ የጅጣንና የበሽሎን ገደል መሻገር ነበረባቸው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ያን ብረት በዳገቱ የሳበውም በቁልቁለቱ የገታውም የመቶዎች ክንድ ነበር። ሸክሙ ተከፋፍሎ ነበር የሚወርደው። ዛሬ በወገል ጤና በኩል ያንኑ በረሃ የሚወርድ ሾፌር ሸክሙን የሚካፈልለት ሞተር ከፊቱ ተቀምጧል፤ በአንድ ጣት እንቅስቃሴ ሥራ ማስያዝ ይችላል። ይህን ትቶ ሁሉን ለፍሬን መስጠት የአቅም ማጣት አይደለም፤ ያለውን አለመጠቀም ነው።

በአሠራሩ ላይ ግልጽ ልሁን፤ የተሳሳተ አቀናነስ ለተቃራኒው ወገን ማስረጃ መሆን የለበትም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። መጀመሪያ በፍሬን ፍጥነትን ማውረድ፤ ከዚያ አሮጌ መኪና ከሆነ 3 ማስገባት፤ ወይም ማርሽ መምረጫው ጎን የኦቨርድራይቭ ቁልፍ ካለው ቁልፉን ተጭኖ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫው መብራት መብራቱን ማየት። ያ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ያወርዳል። ካልበቃ 2። እንደ ክር ለተጠመጠመ ጠመዝማዛ ኤል። ማርሹ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው እግር ከሁለቱም ፔዳሎች ላይ ሲነሳ መኪናው ፍጥነት ካልጨመረ ነው፤ ከጨመረ አንድ ይቀነስ። ፍሬን ሲያስፈልግ ጠንከር አድርጎ ለአጭር ጊዜ መርገጥ፣ ከዚያ ጨርሶ መልቀቅ፤ እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መውረድ ሸራውን ፋታ ይነሳዋል። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ከሆነ ወይም በረዶ ከወረደበት ማርሽ በድንገት መቀነስ ጎማ ሊያንሸራትት ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ፣ በዝግታ፣ አንድ በአንድ። እነዚህን ማወቅ የአንድ ከሰዓት ትምህርት ነው። ታዲያ ማሠልጠኛዎቻችን አውቶማቲክ ሲያስተምሩ ለምን ሜዳ ላይ በዲና በአር ብቻ ይጨርሳሉ? ተራራ ላይ ለሚነዳ ሕዝብ የሜዳ ትምህርት ብቻ መስጠት ራሱ የአደጋው አካል ነው።

«ጊዜው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ይህ ሁሉ ያለፈበት ወሬ ነው» የሚልም አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኩ ቁጥር መጨመሩ እውነት ነው። ነገር ግን የተፈጥሮ ሕጉ ያው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ሞተሩን እንደ ጄኔሬተር አዙሮ ኃይሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ ይህ የእሱ ከባድ ማርሽ ነው። የመመለሻውን መጠን ከፍ ማድረግ የሾፌሩ ሥራ ነው። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ደግሞ የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው መያዙ ይዳከማል። ስለዚህ ተራራ አናት ላይ 100 በመቶ ሞልቶ ወዲያው ወደ ቆላ መውረድ እንደገና ሸክሙን ሁሉ ለፍሬን ማስረከብ ነው። ቴክኖሎጂው ተቀየረ፤ ሙቀቱ የሚሄድበት ቦታ ግን ዛሬም በሾፌሩ ምርጫ ይወሰናል።

ስለዚህ «ሸራ ከካምቢዮ ይረክሳል» የሚለው ሒሳብ ሦስት ጊዜ ስሕተት ነው። ካምቢዮው ከሚችለው ባነሰ ሸክም እየሠራ የሌለ ወጪ ይቆጥራል። ነዳጁ ዜሮ በሆነበት ሰዓት የነዳጅ ኪሳራ ይቆጥራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከሸራው ጀርባ ያለውን አይቆጥርም፤ ሸራ ሲግል የሚጠፋው ሸራው ብቻ አይደለም፣ በመኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ነው። ፍሬን ለማቆሚያ ነው፤ ቁልቁለት የሚወረደው በሞተር ነው። ይህን የሚክድ ምክር ከማንም ይምጣ፣ ከመካኒክም ይሁን ከባለ ብዙ ዓመት ሾፌር፣ አትቀበሉት። የአውቶማቲክ ባለቤት የሆናችሁ ሁሉ፦ ጋሸና ላይ፣ ድልብ አፍ ላይ፣ ጣርማበር ላይ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ፣ መሬቱ ማዘቅዘቅ ከመጀመሩ በፊት እጃችሁን ወደ ማርሹ ስደዱና ቀንሱ። ለካምቢዮው አትስጉ፤ ዳገቱን ያወጣችሁ እሱ ነው፣ ያወርዳችኋልም።